ሳይቃጠል በቅጠል፤ በወንድ ብልት ላይ ስለሚታይ የቅድመ ካንሰር ምልክት

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በማኅበርና በሰንበቴ፥ በመሥሪያ ቤትም በሻይ ሰዓት የማይወራ፥ ባል ለሚስቱ ወንድምም ለወንድሙ ደፍሮ የማይገልጸው ነገር ነው። ይኸውም በወንድ ብልት ቆዳ ላይ የሚወጣ፥ ገና ካንሰር ያልሆነ፥ ነገር ግን ቸል ከተባለ ካንሰር ሊሆን የሚችል ሕመም ነው። ይህን ስናገር ፊቱን የሚያዞር አድማጭ እንደሚኖር አላጣሁትም። ይሁን እንጂ ዓይን ሲታመም ስለ ዓይን፥ ጥርስ ሲታመም ስለ ጥርስ እንነጋገራለን፤ ፈጣሪ ከሰጠን አካላት አንዱ ሲታመም ብቻ አፍን ይዞ መቀመጥ ጨዋነት ሊባል አይገባውም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት የሚታየውን ቁስል ብቻ አስበው አልነበረም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ሐኪሞች ያጠኑትንና የጻፉትን በምንግባባበት ቋንቋ ማድረስ ነው። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው የሐኪምን ምርመራ የሚተካ ሳይሆን ወደ ሐኪም የሚወስደውን መንገድ የሚያመለክት እንዲሆን እለምናለሁ።

ንግግሬን ሳዘጋጅ በሐሳቤ የነበረው ከደሴ በስተ ምዕራብ ያለው ደጋ ነው። በአጅባርና በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለው አገር በምዕራብ በዓባይ፥ በሰሜንም በበሽሎ ሸለቆ የተከበበ፥ ብርዱ የሚበረታበት፥ ገብሱ የሚያምርበት አገር ነው። ከእናንተ ከአንባብያኑ መካከል እዚያ ተወልዶ በደሴ ወይም በአዲስ አበባ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ፥ ወይም ተመድቦ እዚያው የሚያገለግል ብዙ ነው። እንግዲህ ከነዚህ አንዱ፥ ዕድሜው አርባ አምስት የሆነ አንድ ሠራተኛ፥ በብልቱ ራስ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ቀይ ምልክት አየ እንበል። አያመውም፤ አያሳክከውም። ምን ያደርጋል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ይህን ነው። በመጀመሪያ ይደብቀዋል። ሲሰነብት አንድ ጓደኛው «ምች ይሆናል» ወይም በብዙ ስፍራ እንደሚነገረው «በጨረቃ ፊት ሸንተህ ይሆናል» ይለዋል። ቀጥሎ ከመድኃኒት መደብር ሄዶ ስፍራውን ሳያሳይ፥ ስሙንም ሳይጠራ «የቆዳ ቅባት» ይገዛል። ቅባቱ መቅላቱን ጥቂት ያደበዝዘዋል፤ እርሱም ዳንሁ ብሎ ይተወዋል። ቅባቱ ሲቋረጥ ምልክቱ ይመለሳል። እንዲህ እያለ ዓመት፥ ሁለት ዓመት፥ ሦስት ዓመት ያልፋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በዓይን የማይታየው ነገር ሥራውን አያቋርጥም።

ያ የማይታየው ነገር ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። ቆዳችን እንደ ግድግዳ ምርግ በላይ በላዩ የተደራረበ ነው። የላይኛው ንብብር በሕዋሳት የተሠራ ሲሆን፥ ከሥሩ ቀጭን ወለል አለው፤ ከወለሉ በታች የደም ሥሮችና የፍትፍት መንገዶች ማለት የሰውነትን ፈሳሽ ወደ ንፍፊቶች የሚወስዱ ቧንቧዎች ይገኛሉ። በቅድመ ካንሰር ጊዜ የላይኛው ንብብር ሕዋሳት መልካቸውና አሰላለፋቸው ተበላሽቶ ያለ ሥርዓት ይባዛሉ፤ ነገር ግን ወለሉን ገና አልጣሱም። ወለሉን ጥሰው ወደ ታች የወረዱ ዕለት ስሙ ካንሰር ይሆናል፤ በቧንቧዎቹም አልፈው ወደ ብሽሽት ንፍፊት ለመሄድ መንገድ ያገኛሉ። ገበሬ እንደሚያውቀው፥ ሥር ያልሰደደ አረም በእጅ ይነቀላል፤ ሥር ከሰደደና ዘሩን ከበተነ ግን ማሳውን ያስጨንቃል። ቅድመ ካንሰርን አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመውም ሥር ሳይሰድ ለመንቀል ነው።

የዚህ ሕመም መልክ አንድ ዓይነት አይደለም። ሐኪሞች ለየት ለየት አድርገው የገለጹት ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ነው።

አንደኛው፥ ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ኬይራ እ.ኤ.አ. በ1911 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ነው። በብልቱ ራስ ወይም በሸለፈቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ከፋይ ለስላሳ፥ እርጥብ፥ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። በብዛት የሚያገኘው ያልተገረዙ ሰዎችን ነው። ሳይታከም ከቀረ ከመቶው ከ10 እስከ 30 የሚሆነው ወደ ካንሰር ሊለወጥ እንደሚችል የሕክምና መጻሕፍት ያስረዳሉ።

ሁለተኛው፥ አሜሪካዊው ሐኪም ቦወን እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ነው። ይህ በብልቱ ግንድ ደረቅ ቆዳ ላይ ዳርቻው የተለየ፥ ቅርፊት ያለው፥ ቀላ ወይም ጠቆር ያለ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ወደ ካንሰር የሚያልፈው ከመቶ 5 ያህሉ ነው ይባላል።

ሦስተኛው ቦወኖይድ ፓፑሎሲስ የሚባለው ሲሆን በወጣቶች ላይ ብዙ ትናንሽ ቡናማ ወይም ጠቆር ያሉ እባጮች ሆኖ ይታያል። ኪንታሮት ይመስላል። ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ወደ ካንሰር የሚሄደውም ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ሐኪም ሳያየው መተው አይገባም።

አራተኛው ሊከን ስክሌሮሰስ የሚባለው የቆዳ መቆጣት ነው። እርሱ ራሱ ቅድመ ካንሰር ባይባልም ለቅድመ ካንሰር በር ይከፍታል። ቆዳው እንደ ሸክላ ሲኒ ነጥቶ ይደርቃል፤ ሸለፈት ያለው ሰው ሸለፈቱ ይጠብበታል፥ ወደ ኋላም አልመለስ ይለዋል፤ የሽንት መውጫው ሲጠብ ደግሞ ሽንቱ ይቀጥናል።

ዛሬ ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በአንድ ስም ጠቅልለው፥ በምክንያታቸው ግን ለሁለት ይከፍሏቸዋል። አንደኛው ክፍል በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፈው ፓፒሎማ ከሚባለው ቫይረስ፥ ይልቁንም 16ኛ ቁጥር ከተሰጠው ዓይነት የሚመጣ ነው። ይኸው ቫይረስ የሴቶችን የማኅፀን ጫፍ ካንሰር እንደሚያመጣ ያስረዱት ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሁለተኛው ክፍል ከቫይረስ ሳይሆን ለረጅም ዘመን ከቆየ የቆዳ መቆጣት፥ እንደ ሊከን ስክሌሮሰስ ካለው የሚነሣ ነው። ከወንድ ብልት ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከቫይረሱ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ትምባሆ ማጤስ፥ የሸለፈት መጥበብ፥ የኤች አይ ቪ በሽታም አደጋውን ይጨምራሉ።

እዚህ ላይ አንድ አድማጭ «እኛ ኮ የተገረዝን ነን፤ ይህ ነገር ምን ያገባናል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን ክርስቲያኑ በስምንተኛው ቀን፥ ሙስሊሙም በልጅነት ዘመን ልጁን ያስገርዛል። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ ከ10 ወንዶች 9 ያህሉ የተገረዙ ናቸው። በሕፃንነት መገረዝ ከዚህ ካንሰር በብርቱ የሚጠብቅ መሆኑ የታወቀ ነው። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 በዚህ ካንሰር የታመሙት አዲስ ሰዎች ወደ 36 ሺህ ተገምተዋል፤ ከሌሎች ካንሰሮች ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሕመሙ በርከት ብሎ የሚታየው ግርዘት ባልተለመደባቸው፥ ሕክምናም በራቀባቸው እንደ ብራዚል ሰሜናዊ ምሥራቅና እንደ ኡጋንዳ ባሉ ስፍራዎች ነው።

ነገር ግን ጥቂት ማለት የለም ማለት አይደለም። አንደኛ፥ ከ10 አንዱ ያልተገረዘ ከሆነ ያ አንዱ በሚሊዮን የሚቈጠር ወንድ ነው፤ በጋምቤላ ያሉትን ሕዝቦች የመሰሉ ግርዘት ልማዳቸው ያልነበረ ወገኖቻችንም አሉ። ሁለተኛ፥ ካደጉ በኋላ መገረዝ ለሌላ ጥቅም ቢሰጥም፥ ከዚህ ካንሰር በመጠበቅ ረገድ የሕፃንነቱን ያህል አይሆንም። ሦስተኛ፥ ግርዘቱ ያልተሟላና ከሸለፈቱ ከፊሉ የቀረ እንደ ሆነ ጥበቃውም ከፊል ነው። አራተኛ፥ ቫይረሱ የተገረዘውን ቆዳ ጭምር ይይዛል፤ የግንዱንም ቆዳ ግርዘት አይከልለውም። ስለዚህ ግርዘት ታላቅ ጋሻ ነው፤ ጋሻ የያዘም ሰው ቢሆን ግን ዓይኑን አይጨፍንም።

አሁን ወደ ምርመራው ልመልሳችሁ። በብልት ላይ የሚታይ ምልክት ሁሉ ቅድመ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው እንዲያውም ሌላ ነው። ሐኪሙ የሚያስባቸውን ላስታውሳችሁ። በስኳር ሕመም የተያዘ ሰው ፈንገስ ይበዛበትና የብልቱ ራስ ይቀላል፤ ስኳሩ ሳይታወቅ ቅባት ብቻ ቢቀባ አይድንም። ቂጥኝና ከርክር ቁስል ያወጣሉ። አንዳንድ ሰው ደግሞ እንደ ሰልፋ ያለ ኪኒን በዋጠ ቁጥር በዚያው በአንዱ ስፍራ ክብ ጥቁር ወይም ቀይ ምልክት ይወጣበታል፤ ይህ የመድኃኒት አለመስማማት ነውና የዋጠውን ኪኒን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር። በብልቱ ራስ ጠርዝ ዙሪያ እንደ ዕንቍ ፍሬ በሰልፍ የሚታዩት ደቃቅ ነጥቦች ግን የተፈጥሮ ናቸው፤ በሚያቃጥል ነገር አይነኩ።

እንግዲህ መለያው ምንድር ነው? ሕጉ አጭር ነው። ተገቢ ሕክምና ተደርጎለት በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ያልጠፋ፥ ወይም ጠፍቶ በዚያው ስፍራ የሚመለስ፥ ወይም የሚያድግ፥ የሚደማና የሚጠጥር ምልክት ሁሉ ናሙናው በማጉያ መሣሪያ መታየት አለበት። በዓይን አይቶ «ይህ ካንሰር ነው፥ ይህ አይደለም» ብሎ በእርግጥ መናገር የሠለጠነው ሐኪም እንኳ አይቻለውም።

ናሙና መውሰድ የሚፈራውን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ሐኪሙ ስፍራውን በመርፌ ያደነዝዘዋል፤ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቍራጭ ይወስዳል፤ ቢያስፈልግ አንድ ወይም ሁለት ስፌት ይሰፋል። ቍራጯ ፎርማሊን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ተቀምጣ ፓቶሎጂስት ወደሚባለው የሕዋስ መርማሪ ሐኪም ትላካለች፤ እርሱም እንደ ወረቀት ቀጭን አድርጎ ቆርጦ፥ በቀለም ነክሮ፥ የሕዋሳቱን አሰላለፍና ወለሉ መጣስ አለመጣሱን ይመለከታል። «ምላጭ የነካው ይዛመታል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። የወንድነትን ኃይል ይቀንሳል ማለትም እንዲሁ ሐሰት ነው። ከናሙናው ጋር ሐኪሙ ብሽሽቱን ዳስሶ ንፍፊት መኖር አለመኖሩን ይመረምራል፤ የቂጥኝና የኤች አይ ቪ የደም ምርመራም ያዝዛል።

ውጤቱ ቅድመ ካንሰር ሆኖ ቢገኝ፥ አድማጮቼ፥ ይህ የሞት ፍርድ ሳይሆን በጊዜ የደረሰ ማስጠንቀቂያ ነው። ሕክምናው እንደ ስፍራውና እንደ ስፋቱ ይለያያል።

ምልክቱ በሸለፈት ላይ ብቻ ከሆነ ግርዘት ራሱ መድኃኒት ነው፤ የታመመው ክፍል ተቆርጦ ይወገዳል፥ የቀረውም ለክትትል ግልጽ ይሆናል። በብልቱ ራስ ላይ ከሆነ በብዛት በቅባት ይጀመራል። አንዱ ቅባት ፍሉሮዩራሲል የሚባለው ሲሆን የተበላሹትን ሕዋሳት እየመረጠ ያቃጥላል፤ ሌላው ኢሚኪሞድ የሰውነትን የራሱን ወታደር ቀስቅሶ ያዘምታል። እነዚህን የሚቀባ ሰው ቆዳው መቅላቱና መላላጡ የሚጠበቅ መሆኑን ይወቅ፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «አባሰብኝ» ብሎ ይተወውና ሕክምናው ከንቱ ይሆናል። የሐኪሙን ቀን ቆጥሮ መፈጸም፥ ከቀባ በኋላ እጅን መታጠብ፥ እስኪድንም ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ቅባት ሁሉንም አይፈውስም፤ ስለዚህ ሲፈጸም ናሙና ዳግመኛ መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል። ቅባት ካልበቃ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ፥ በሌዘር ጨረር ማቃጠል፥ ወይም የታመመውን ቆዳ ብቻ ገፎ ከጭን በተወሰደ ስስ ቆዳ መተካት አለ። በነዚህ ሁሉ ብልቱ ይተርፋል፤ ሽንትም ግንኙነትም ይቀጥላል።

ስለ ቅባት ከተነሣ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። በየመድኃኒት መደብሩ ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት መቅላትን ስለሚያደበዝዝ ቅድመ ካንሰርን ይሸሽጋል። ይኸው የስቴሮይድ ወገን፥ ክሎቤታሶል የሚባለው፥ ሊከን ስክሌሮሰስ ሲሆን በሐኪም ትእዛዝ እስከ ሦስት ወር ያህል ሲቀባ እውነተኛ መድኃኒት ነው። አንዱን የሚፈውስ ሌላውን ይሸፍናል፤ ለይቶ የሚያዝዘው የመረመረ ሰው ብቻ ነው።

ከተፈወሱም በኋላ ነገሩ አላለቀም። ሕመሙ ሊመለስ ስለሚችል ለብዙ ዓመታት፥ ቢያንስ ለአምስት ዓመት፥ በቀጠሮ መታየት ይገባል። በየወሩም ሰው ራሱን በጥሩ ብርሃን ቢመለከት አንዲት ደቂቃ ትበቃዋለች።

ዘግይተው የመጡትስ? ወለሉ ከተጣሰ በኋላም ቢሆን ቀድሞ የደረሰ ሰው ብልቱን በከፊል ብቻ አጥቶ ወይም ሳያጣ ሊድን ይችላል። ወደ ንፍፊት ከሄደ ግን የብልቱን መቆረጥና የብሽሽቱን ቀዶ ሕክምና፥ ከዚያም በላይ ሕይወትን የሚያሰጋ ይሆናል። በጊዜ የመጣው በቅባት የሚገላገለውን፥ የዘገየው በምላጭ ይከፍላል።

አሁን በቤት ውስጥ ስለሚነሣው ጭንቀት አንድ ቃል ልጨምር። ቫይረስ ነው ሲባል ባል ሚስቱን፥ ሚስትም ባሏን መጠርጠር ይጀምራሉ፤ በዚህ ምክንያት ትዳር ሊፈርስ ይችላል። ነገር ግን ይህ ቫይረስ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋ ነው፤ ግንኙነት ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ በዘመናቸው አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል፤ አብዛኛው በራሱ ይጠፋል፤ የቀረውም ብዙ ዓመት ተሸሽጎ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የዛሬው ምልክት የትናንት በደል ማስረጃ አይሆንም፤ መቼ እንደ ገባ የሚነግር ምርመራም የለም። ከመካሰስ ይልቅ ሚስት የማኅፀን ጫፍ ምርመራ ብታደርግ ይጠቅማታል፤ የባሏ ግልጽነት እርሷንም ሊያድናት ይችላልና። ለሴቶች ልጆቻችንም የዚህ ቫይረስ ክትባት በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መሰጠት ጀምሯል፤ ሴት ልጁ ስትከተብ የነገው ባሏም አብሮ ይጠበቃል።

ወደዚያ ወደ አጅባሩ ሠራተኛ ልመለስ። መንገዱ እንዲህ ቢሆን ይበጃል። ምልክቱን ባየበት ወር ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ «ስፍራው ያሳፍራል» ሳይል ያሳይ። የሚታከሙት በሽታዎች ታክመው ምልክቱ ካልጠፋ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ይለፍ። ከዚያም ለቆዳ ሕክምና ከደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ፤ ይህ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕሙማን ሕክምና ጀምሮ በቆዳ በሽታ ብዙ ዘመን ያገለገለ ነው። በአዲስ አበባም በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ስፍራ ነው፤ ካንሰር ሆኖ ለተገኘው ደግሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ የመላኪያውን ወረቀትና የቀድሞውን ውጤት ይያዝ፤ ያለ ወረቀት የሄደ ሰው ምርመራውን እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራልና። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል የሆነም ሰው ወረቀቱ ወጪውን ያቀልለታል። ጠበል መጠመቅ ለሚወድም ሰው ጠበሉ ከሐኪም አይከለክለውም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። በቁስሉ ላይ የሚያቃጥል ቅጠልና የባትሪ ድንጋይ ዱቄት ማድረግ ግን አካልን ያጠፋል፥ ምርመራውንም ያበላሻል።

እናንተ በከተማ ያላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፥ በገና ወይም በፋሲካ፥ በዒድም ወደ አገራችሁ ስትወርዱ ወይም ወንድማችሁ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ፥ ከዘመድ መካከል «ጥቂት ያመኛል» ብሎ ስፍራውን የማይናገር አንድ ሰው አይታጣም። ያን ሰው ለብቻው ጠርታችሁ በለሆሳስ ጠይቁት። ሳትስቁበት አድምጡት፤ ሐኪም ቤትም አብራችሁት ሂዱ። የመሥሪያ ቤት አለቃ የሆናችሁም፥ የበታች ሠራተኛ የሕክምና ፈቃድ ሲጠይቅ «ምን ሆነህ ነው?» ብላችሁ በሰው ፊት አትመርምሩት፤ ብዙ ሰው ሕክምናውን የሚያቋርጠው ለዚህ ጥያቄ መልስ ስለሚያጣ ነውና።

ክቡራን አድማጮች፤ ከተናገርሁት ሁሉ ብዙው ቢረሳ እንኳ ሦስት ነገር ቢቀር ይበቃኛል። አንደኛ፥ በአራት ሳምንት ሕክምና ያልጠፋ የብልት ምልክት ናሙናው ይታይ። ሁለተኛ፥ ያልታወቀ ቅባት በራስ ፈቃድ አይቀባ። ሦስተኛ፥ ሕመሙ ከተገኘ ክትትሉ እስከ ፍጻሜው ይያዝ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ሕመም የተነገረ ያህል ይስማማዋል።